የጓዳ ነገር በብዕር ሲወጣ፦ ሦስት አፍሪካውያን ደራስያት ስለ ትዳርና ስለ ልጅ የጻፉት

በአገራችን «ገመና» የሚባል ትልቅ ቃል አለ። የቤት ነገር በቤት ይቀራል፤ የባልና የሚስት ጉዳይ ከጓዳ አይወጣም ይባላል። ይህ ልማድ ብዙ ትዳሮችን ከሐሜትና ከጣልቃ ገብ ሰው የጠበቀ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም አንድ ጉዳት አለው። ለጎረቤት እንዳይነገር የተባለው ነገር ቀስ በቀስ በባልና በሚስት መካከልም ሳይነገር ይቀራል። ስንት ልጅ እንውለድ? መቼ እንውለድ? ልጅ ባይመጣስ ምን እናደርጋለን? የሚወስነውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በብዙ ቤት ተነሥተው አያውቁም። ትዳሩ ሃያ ዓመት ቢሞላውም አንዱ የሌላውን ሐሳብ የሚያውቀው በግምት ብቻ ነው።

በዚህ እትም ትምህርታችን ይህን ዝምታ በብዕራቸው የሰበሩ ሦስት የምዕራብ አፍሪካ ሴቶችን እናስተዋውቃችኋለን። ሁለቱ ናይጄሪያውያን ሲሆኑ አንዷ ሴኔጋላዊት ናቸው። ሦስቱም የጻፉት ልብ ወለድ ነው። የጎረቤትን ስም ሳያነሡ፣ የማንንም ቤት ሳያጋልጡ፣ በሺህ ቤቶች ውስጥ የሚኖረውን ነገር በአንዲት ሴት ታሪክ አሳዩ። አንባቢውም «ይህ እኮ የእኛ ቤት ነው» ብሎ ለመነጋገር ቻለ። የሴቶች መብት በብዕር ወደፊት የተራመደው በዚህ መንገድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

1. ፍሎራ ንዋፓ፦ ልጅ የሌላት ሴት ክብር የላትምን?

ወይዘሮ ፍሎራ ንዋፓ በ1931 በናይጄሪያ፣ ኦጉታ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ተወለዱ። በኢባዳንና በስኮትላንድ ተምረው በመምህርነት አገልግለዋል። በ1966 «ኤፉሩ» የተሰኘው ልብ ወለዳቸው ለንደን ላይ ታተመ። አፍሪካዊት ሴት በእንግሊዝኛ ጽፋ ለዓለም ካቀረበቻቸው ልብ ወለዶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በአፍሪካ ልብ ወለድ ውስጥ ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከወንዱ ታሪክ ዳር የምትቆም ሰው ነበረች። በ«ኤፉሩ» ግን የታሪኩ ባለቤት ራሷ ሴቷ ናት።

ኤፉሩ መልከ መልካም፣ ደግና በንግድ የቀናት ሴት ናት። አንዲት ልጅ ወልዳ ትሞትባታለች። የመጀመሪያው ባሏ ጥሏት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ትዳሯም አይሰምርም። የሰፈሩ ሰው ስለ ደግነቷም ሆነ ስለ ሥራዋ ከመናገር ይልቅ ስለ ማህፀኗ ያወራል። በመጨረሻ ኤፉሩ በአካባቢው እምነት የሐይቁ እመቤት የምትባለውን መንፈስ ታገለግላለች። ይህች እመቤት ባለጸጋና የተከበረች ናት፤ ልጅ ግን የላትም። ታዲያ ሴቶች ስለ ምን ያከብሯታል? ደራሲዋ መጽሐፉን የሚዘጉት በዚህ ጥያቄ ነው፤ መልሱን አይሰጡም።

ጥያቄው ለእኛም ከተሞች እንግዳ አይደለም። ልጅ የዘገየባት ሴት «መኻን» የሚለውን ስም ትሸከማለች። ባሏ ግን አልፎ አልፎ እንኳ አይጠየቅም። የሕክምናው ሳይንስ የሚለው ሌላ ነው። ልጅ ያለመውለድ ችግር ከሴቷ ወይም ከወንዱ፣ አንዳንዴም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀመረው ሁለቱም አብረው ሲመጡ ነው። ሴቷ ብቻዋን ከጠበል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ጠበል ስትመላለስ ጊዜ ያልፋል፤ ችግሩ ግን ምናልባት ከእርሷ ላይሆን ይችላል።

ወይዘሮ ንዋፓ በመጻፍ ብቻ አልተወሰኑም። በ1970ዎቹ የራሳቸውን ማሳተሚያ ቤት አቋቁመው የራሳቸውን ሥራዎችና የልጆች መጻሕፍት አሳትመዋል። በ1993 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ወጣት ሴቶች መንገድ ከፍተዋል። ከእነዚህ አንዷ ቀጥለን የምናነሣቸው ደራሲ ናቸው።

2. ቡቺ ኤሜቼታ፦ የተቃጠለው ጽሑፍና ተመስሎ የተፈረመው ፊርማ

ወይዘሮ ቡቺ ኤሜቼታ በ1944 ሌጎስ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። አባታቸውን በልጅነታቸው ያጡ ሲሆን፣ በትምህርታቸው ጎበዝ ስለነበሩ በነጻ የትምህርት ዕድል የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። በ16 ዓመታቸው አገቡ። በ1962 ባላቸውን ተከትለው ለንደን ሄዱ። ቀን በመጻሕፍት ቤት እየሠሩ፣ ቤተሰቡን እያስተዳደሩ፣ ከልጆች በተረፈች ጊዜ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ጻፉ። ባላቸው ያንን የእጅ ጽሑፍ አቃጠለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ብዕሩን ይሰብር ነበር። እርሳቸው ግን በ22 ዓመታቸው ትዳሩን ትተው አምስት ልጆቻቸውን ብቻቸውን እያሳደጉ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሶሺዮሎጂ ተማሩ፤ በ1972ም ተመረቁ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ታተመ። የተቃጠለውንም ታሪክ እንደገና ጽፈው በ1976 «ጥሎሽ» በሚል ርዕስ አሳተሙት። በ2017 ለንደን ላይ ዐረፉ።

ለእኛ ክሊኒክ ጎብኚዎች ቅርብ የሆነው ግን በ1974 የታተመው «ሁለተኛ ዜጋ» የተሰኘው ልብ ወለዳቸው ነው፤ አብዛኛው ከራሳቸው ሕይወት የተቀዳ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ አዳ ለንደን ውስጥ የምትኖር ናይጄሪያዊት ናት። ባሏ ተማሪ ነኝ ይላል፤ ፈተናውን አያልፍም፤ ሥራም አይሠራም። ቤቱን የምታኖረው እርሷ ናት። ልጅ በልጅ ላይ ሲደራረብባት ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ትሄዳለች። እዚያ አንድ ቅጽ ይሰጣታል። ቅጹ የባልን ፊርማ ይጠይቃል።

አዳ ባሏ እንደማይፈርም ታውቃለች። ስለዚህ ፊርማውን ራሷ አስመስላ ትፈርማለች፤ በማህፀን በር ላይ የሚደረገውን መከላከያ ቆብም ትወስዳለች። ነገሩ ሲታወቅ ባሏ ይደበድባታል።

ይህን ክፍል ስናነብ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛው ስለ ቅጹ ነው። ልጁን የምታረግዘው፣ የምትወልደውና የምታጠባው አዳ ናት፤ በየወሩ ደመወዟን ለወተትና ለኪራይ የምታካፍለውም እርሷ ናት። ስለ ገዛ አካሏ ለመወሰን ግን የሌላ ሰው ስም አስፈለጋት። ደራሲዋ ስለዚህ ጉዳይ ንግግር አላደረጉም። ቅጹንና ፊርማውን ብቻ አሳዩን፤ አንባቢው ራሱ ፈረደ።

ሁለተኛው ስለ ዝምታው ነው። በአዳና በባሏ መካከል ስለ ልጆች ቁጥር ተቀምጦ መነጋገር የሚባል ነገር አልነበረም። የመከላከያው ዜና ለባሏ የደረሰው እንደ ክህደት ነው። ዱላው በምንም ምክንያት አይጸድቅም። መወያየት የሌለበት ቤት ግን ሚስትን ወደ ድብቅነት፣ ባልን ወደ ጥርጣሬ እንደሚገፋ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

3. «የእናትነት ደስታዎች»፦ ብዙ የወለደች እናት ብቻዋን ሞተች

ወይዘሮ ኤሜቼታ ወይዘሮ ንዋፓ በጥያቄ የዘጉትን ሐሳብ አልረሱትም። በ1979 ያሳተሙት ታላቅ ልብ ወለዳቸው «የእናትነት ደስታዎች» የሚል ርዕስ የተሰጠው ከ«ኤፉሩ» መዝጊያ ተነሥቶ ነው። ርዕሱ ግን ምሬት አለበት።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ኑ ኤጎ ትባላለች። በመጀመሪያ ትዳሯ ሳታረግዝ በመቅረቷ ክብሯን አጣች። ከዚያ ሌጎስ ላለ ሰው ተዳረች፤ ባሏ በነጮች ቤት ልብስ አጣቢ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ገና በጨቅላነቱ ሲሞትባት ራሷን ከድልድይ ልትወረውር ሮጠች፤ ሰዎች ይዘው አስቀሯት። ያለ ልጅ ሕይወት ሕይወት እንዳልሆነ ከልጅነቷ ተነግሯታልና።

በኋላ ልጅ በልጅ ላይ ወለደች። ባሏ የሟች ወንድሙን ሚስት ወርሶ እዚያው ጠባብ ክፍል አመጣባት። ጦርነት መጥቶ ባሏን ወታደር አድርጎ ወሰደው። እርሷ እንጨትና ሲጋራ እየቸረቸረች ልጆቿን አሳደገች። ወንዶቹ እንዲማሩ የሴቶቹ ትምህርት ተሠዋ። ወንዶቹ ልጆቿ ተምረው ባሕር ማዶ ሄዱ። ኑ ኤጎ ልጆቼ በእርጅናዬ ይጦሩኛል ብላ ኖረች፤ በመጨረሻ ግን አንድ ሌሊት በመንገድ ዳር፣ እጇን የሚይዝ አንድም ልጅ አጠገቧ ሳይኖር ሞተች። ከሞተች በኋላ ልጆቿ ትልቅ የቀብር ሥርዓት አደረጉላት።

እኛ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። ወይዘሮ ኤሜቼታ ልጅን አልጠሉም፤ አምስት ልጆች አሳድገዋል፤ «ሁለተኛ ዜጋ»ንም መታሰቢያነቱን ለልጆቻቸው ሰጥተዋል። የተቃወሙት ሌላ ነገር ነው። ሴት የምትመዘነው በወለደቻቸው ልጆች ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ልጁም የእርጅና ዋስትና ተደርጎ ሲቆጠር፣ እናትም ልጅም ይጎዳሉ ይላሉ። በከተማ ይህ ይበልጥ ይታያል። በገጠር ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ እንጨት ይለቅማል። በሌጎስ ግን ልጅ ኪራይ፣ ደብተርና ጫማ ነው። ኑ ኤጎ የገጠሩን ስሌት ይዛ ከተማ ገባች፤ ስሌቱን ቆም ብላ እንድታየው የረዳት ሰው አልነበረም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ሌላ ሴት አለች፤ አዳኩ የተባለችው የተወረሰችው ሚስት። ሴቶች ልጆች ብቻ ስላሏት በቤቱ ውስጥ ቦታ አጣች። ከቤቱ ወጥታ የራሷን ኑሮ ጀመረች፤ ሴት ልጆቿንም ለማስተማር ቆረጠች። ደራሲዋ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ፍርዱን ለእኛ ተዉልን።

4. ማሪያማ ባ፦ ያልተጠየቀችው ሚስት ደብዳቤ

በዚያው በ1979፣ ከናይጄሪያ በስተምዕራብ በምትገኘው በሴኔጋል፣ አንዲት የ50 ዓመት መምህርት የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን በፈረንሳይኛ አሳተሙ። ወይዘሮ ማሪያማ ባ በ1929 ዳካር ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል፤ ትዳራቸው በፍቺ አብቅቷል፤ በአገራቸው የሴቶች ማኅበራትም ይሠሩ ነበር። «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1980 ለአፍሪካ መጻሕፍት የሚሰጠውን የኖማ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። እርሳቸው በማግሥቱ ዓመት በ1981 ዐረፉ፤ ሁለተኛው መጽሐፋቸው የወጣው ከሞታቸው በኋላ ነው።

መጽሐፉ ራማቱላይ የተባለች መምህርት ለልጅነት ጓደኛዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ባሏ ሞዱ ሞቶ በሐዘን ቤት ተቀምጣለች። 12 ልጆች ወልዳለታለች። ከ25 ዓመት ትዳር በኋላ ሞዱ ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ ያገባውም የልጁን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ለራማቱላይ የነገሩት ሠርጉ ካለቀ በኋላ ነው። የመጡት መልእክተኞች የሰፈሩ ኢማም፣ የባሏ ወንድምና የባሏ ጓደኛ ነበሩ። ሞዱ ራሱ አልመጣም።

ጓደኛዋ አይሳቱ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስባት ባሏን ትታ፣ ተምራ፣ አስተርጓሚ ሆና ሠራች። ራማቱላይ ግን አልሄደችም፤ ቤቷ ቀረች። ደራሲዋ አንዷን ጀግና፣ ሌላዋን ፈሪ አላደረጉም። ሁለቱም የመረጡት በራሳቸው ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሳይጠየቁ በተወሰነባቸው ነገር ላይ ነው። በኋላም የሟቹ ወንድም ሊወርሳት ሲመጣ ራማቱላይ በብዙ ዓመት ውስጥ ያልተናገረችውን ተናግራ መለሰችው።

በሴኔጋል በ1972 የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ወንዱ አንድ ሚስት ብቻ እንደሚያገባ ወይም ከአንድ በላይ እንደሚያገባ በጋብቻ ጊዜ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ የማሪያማ ባ ጥያቄ ሕጉ ስለሚለው ብቻ አልነበረም። ሕግ የፈቀደውን ሰው ሚስቱን ሳያማክር ቢያደርገው ትዳሩ ምን ይሆናል? የሚል ነበር።

መጽሐፉ ሐዘን ብቻ አይደለም። የራማቱላይ ያላገባች ልጅ ማርገዟ ሲታወቅ እናቲቱ ደነገጠች፤ ነገር ግን አላባረረቻትም፤ አቀፈቻት። ከሌሎቹ ሴቶች ልጆቿም ጋር ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መነጋገር ግድ እንደሆነ ተረዳች። የትልቋ ልጇ ባል ደግሞ ምግብ ያበስላል፤ በዚህም አያፍርም። ደራሲዋ በእነዚህ ወጣት ባልና ሚስት የመጪውን ዘመን ትዳር አሳዩን።

5. መጽሐፉና ሕጉ

ሁለቱ መጻሕፍት በታተሙበት በ1979፣ በታኅሣሥ ወር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት አጸደቀ። የስምምነቱ 16ኛ አንቀጽ ሴትና ወንድ ስለ ልጆቻቸው ቁጥርና በልጆች መካከል ስለሚኖረው የጊዜ ርቀት በነጻነትና በኃላፊነት ለመወሰን እኩል መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1981 ነው። በ1995 የጸናው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ሕጉን መጽሐፍ አስገኘው አንልም። ሕግና መጽሐፍ ሥራቸው የተለያየ ነው። ሕግ መብቱን በወረቀት ላይ ያኖራል። አዳ፣ ኑ ኤጎና ራማቱላይ ግን መብት በሌለበት ቤት ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ያሳዩናል። ዳኛም ሆነ የሕዝብ ተወካይ ወደ ጓዳ ሊገባ አይችልም፤ ታሪክ ግን ይገባል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባል ሕግ ብቻውን አይሽረውም። ባልና ሚስት በቤታቸው ሲሽሩት ነው የሚሻረው።

6. ከእነዚህ ታሪኮች ለቤታችሁ

ሀ) አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የልጅ ጉዳይ የሚነሣው እርግዝናው ከመጣ በኋላ ከሆነ ውይይት ሳይሆን ክርክር ይሆናል። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ድካምና ንዴት በሌለበት ሰዓት አንሡት።

ለ) ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ርቀቱንም አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። ይህ ለእናቲቱም ሆነ ለሁለቱም ሕፃናት ጤና ይጠቅማል።

ሐ) ስለ መከላከያዎቹ ከሰፈር ወሬ ሳይሆን ከባለሙያ ስሙ። ክኒን፣ መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕና ኮንዶም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥቅምና የጎንዮሽ ጠባይ አላቸው። ለአንዷ የተስማማው ለሌላዋ ላይስማማ ይችላል። ከእነዚህ መካከል እንደ ኤችአይቪ ካሉ የአባላዘር በሽታዎችም የሚከላከለው ኮንዶም ነው።

መ) ባሎች ሆይ፣ ከባለቤቶቻችሁ ጋር ኑ። ወንድ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ፈራሚ ወይም ከልካይ ብቻ መሆን የለበትም። ጠያቂና አድማጭ፣ ሲያስፈልግም ተጠቃሚ ሊሆን ይገባዋል።

ሠ) በቤቷ መነጋገር የማይቻላት፣ ዱላ ወይም ማስፈራሪያ ያለባት እናት ይህን ለነርሷ ለብቻዋ ትንገራት። እንደ አዳ ብቻዋን መሸከም የለባትም። ከባለሙያ ጋር የምትነጋገረው በምስጢር ሊጠበቅላት የሚገባ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) ባልና ሚስት ለየብቻ በወረቀት ጻፉ፦ ስንት ልጅ ይበቃናል? የሚቀጥለውስ መቼ ቢሆን ይሻላል? ከዚያ ወረቀቶቹን ተለዋወጡ። መልሳችሁ ምን ያህል ይቀራረባል?

2) የአዳ ባል ነገሩን ከማወቁ በፊት አዳ ልትነግረው ትችል ነበር? እንዳትነግረው ያደረጋት ምንድን ነው? በእኛ ቤት እንዲህ ያለ የማይነገር ነገር አለ?

3) ልጆቻችን በእርጅናችን እንዲጦሩን እንጠብቃለን? ለሴቱና ለወንዱ ልጅ የምናወጣው የትምህርት ወጪ እኩል ነው?

4) ራማቱላይ ከልጆቿ ጋር እንደተነጋገረችው፣ እኛ ለደረሱ ልጆቻችን ስለ እርግዝናና ስለ ጥንቃቄ የነገርናቸው ነገር አለ? ማን ይንገራቸው፣ አባት ወይስ እናት?

ውድ አንባብያን፣ እነዚህ ሦስት ሴቶች በጠረጴዛ ላይ ያገኙት ወረቀትና ብዕር ብቻ ነበር። አንዷ ጽሑፋቸው ተቃጥሎባቸው እንደገና ጻፉት። ከእናንተ መጽሐፍ መጻፍ አይጠበቅም። ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ዛሬ ማታ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ብትመልሱት ግን ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል። የተስማማችሁበትንም ያልተስማማችሁበትንም ይዛችሁ ብትመጡ የምክር ክፍላችን በደስታ ይቀበላችኋል።